ይገጥማል የተባለው መለኪያ

አንድ ሽማግሌ «ይገጥማል» ያሉኝ ቀን፣ የትኛውን መግጠም ማለታቸው እንደሆነ በእርግጥ አልገባኝም ነበር? ወይስ ገብቶኝ ነው ያለፍኩት?

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ በዕድሜ የምበልጣቸው መምህራን «እትዬ» እያሉ አስተማሩኝ። ስለዚህ ቃል እፈራለሁ፤ መዝገበ ቃላት ሳላይ ደብዳቤ አልጽፍም። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሚሴ ዳር ጸሐፊ በነበርኩበት የውሃ ጣቢያ የዋናው ቧንቧ ፍሰት መለኪያ ሲበላሽ አዲሱን ምረጪ የተባልኩት እኔ ነኝ። መለኪያው ስንት ውሃ እንዳለፈ ለመቆጣጠሪያው ፓኔል ይነግረዋል፤ ፓኔሉ ያንን ሰምቶ ፓምፑን ያስነሳል፣ ያቆማል።

ካታሎጎቹን አነበብኩ። አንዱ መለኪያ በምት ነው የሚናገረው፤ የተወሰነ ውሃ ባለፈ ቁጥር አንዴ ጠቅ። ሌላው ከፍሰቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ይልካል። ሦስተኛው ሁለቱንም እችላለሁ ይልና ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «እንደ ትእዛዙ» ይላል። የእኛ ፓኔል የሚሰማው የትኛውን ነው? መመሪያው ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ገልብጬ ገልብጬ ቢያቅተኝ ወደ ፓምፕ ቤቱ ሄድኩ።

ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት አንድ የጨፋ ሽማግሌ ነበሩ። የፓኔሉን ቁልፍ ከሰንበቴ ገበያ በገዙት ጠፍር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሦስተኛውን መለኪያ አሳየኋቸው።

«አባባ፣ ይሄ ይገጥማል?»

ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ። «ስምንት ብሎን። ኢንሻ አላህ ይገጥማል።»

«ከፓኔሉም ጋር?»

ፓምፑ ይጮሃል። ሳቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይገጥማል አልኩሽ እኮ! ልጅ ልትድሪለት ነው እንዴ ዘሩን የምትቆጥሪው?»

በእኛ አገር «ኢንሻ አላህ» እሺም ነው፣ እንጃም ነው። ጣታቸው ብሎኑ ላይ እንደነበር አይቻለሁ። ቢሮ ተመልሼ ግን «ከፓኔሉ ጋር ይገጥማል ወይ?» በሚለው የፎርሙ መስመር ላይ «ይገጥማል» ብዬ ጻፍኩ። በምት የሚናገረው ይሁን ኤሌክትሪክ የሚልከው ብዬ ለይቼ አላዘዝኩም።

መለኪያው መጣ። ስምንቱም ብሎን ያለ መዶሻ ገባ። ውሃው ሲያልፍ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ፓኔሉ ግን የሚሰማው ኤሌክትሪኩን ኖሮ ዜሮ ያሳያል። ውሃ የለም ብሎ ፓምፑን ያጠፋዋል። ቢያስነሱት፣ መልሶ ያጠፋዋል። ቦኖው ጋ ጄሪካን ተሰለፈ።

አለቆቹ ስብሰባ ጠሩ። «ሽማግሌው ሽቦ ነካክተው ነው» ተባለ።

«ወላሂ አልነካሁም» አሉ።

ቁልፉን ከአንገታቸው አስወልቀው ተቀበሏቸው። ከእንግዲህ ፓምፑን ሌላ ሰው በእጅ ያንቀሳቅሰዋል፤ እሳቸው መለኪያውን በዓይናቸው እያዩ ደብተር ላይ ይመዝግቡ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «አስረክበዋል» የሚለው ቃል ሆሄው ተሳስቶብኝ አረምኩት። ሌላ አላረምኩም።

ክረምቱ አልፎ፣ አንድ ጠዋት ወደ ፓምፕ ቤቱ ሄድኩ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ቁጥር ያነባሉ።

«አባባ፣ ሽቦው ምንም አልሆነም። ሳላጣራ ይገጥማል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቁጥራቸውን ጽፈው ጨረሱ። «ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? ቁልፉ ያለው እነሱ ጋ ነው።» ከደብተራቸው መጨረሻ አንድ ቅጠል ገንጥለው ሰጡኝ። «አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። ጻፊና አድርሺላቸው።»

ጀመርኩ፤ «ይገጥማል» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ያን ቀን ስለ ብሎኑ ነበር ወይስ ስለ ፓኔሉ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ብሎኑ ገጠመ በይ። ሌላውን አልጠየቅሁም በይ።»

«ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ቀልዴን ይዘሽ ሄድሽ እንጂ መልሱን መች ጠበቅሽ?» አሉና፣ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።