ደንገጎ ድረስ የተከተለኝ ራስ ምታት

የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ በተቀጠርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ አንድ ክምር ሰነድ አሸከሙኝ። «የኮንቴይነሩን ቁጥር ወደ ዲክላራሲዮኑ ቅጽ ስትገለብጥ እያንዳንዱን አሃዝ በጣትህ እየነካህ አንብብ» አሉኝ። «አንዷን ከሳትክ ዕቃው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።»

በጣቴ እየነካሁም ቢሆን ሁለት አሃዝ አቀያየርኩ። ጋሽ ተፈራ ቢሮው እስኪናወጥ ጮኹብኝ። ለሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ሥራው ሆዴ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ከረዳትነት ወደ ባለፈቃድ አስተላላፊነት አደግኩ፤ ስልኬም ሁለት ሆነ። ድሬ ዳዋ እኩለ ቀን ላይ ዘጋግታ ጋደም ትላለች። እኔ ግን ሳምቡሳ በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላው ይዤ ቆሜ እሠራ ነበር። ከተማው ሲተኛ የበለጥኩት ይመስለኝ ነበር፤ ጉረኛ ነበርኩ።

ከዓመታት በኋላ ማጅራቴን ጨምድዶ የሚይዝ ራስ ምታት ጀመረኝ። ድሬ ላይ ራሱን ላመመው ሰው መልሱ አንድ ነው፤ ሙቀቱ ነው። ባለቤቴ ሂሩትም «ምች ነው» እያለች ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ትይዝልኛለች። ማስታገሻ እውጥና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ ማኅተም ሊመቱ ያነሱት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አፋቸው ተጣመመ። ሁላችንም «ምች መታቸው!» ብለን ተንጫጫን። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን ነገረን፤ የደም ግፊታቸው ሳይታወቅ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በቀኝ እጃቸው ብዕር አልያዙም።

ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼ፣ በማግስቱ የራሴን ራስ ምታት በሙቀቱ አሳበብኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ግፊት እንዳለብኝ ቢነገረኝ ሥራዬን የምነጠቅ መስሎኝ ፈራሁ።

ያተረፈኝ ሙክታር ነው። ሙክታር ዕቃችንን የሚጭን ሾፌር፣ የድሬ መጋላ ሰፈር ልጅ ነው። የአንድ ጓደኛችን ሠርግ ሐረር ተጠርተን በጠዋት አብረን ወጣን። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው ደንገጎ አቀበት ላይ ስንደርስ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሙክታር ጃኬቱን ደረበ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ የአንድ ደንበኛ ዕቃ ቀይ መስመር ወድቆ ሙሉ ፍተሻ ታዞበታል። ራሴ ይወቅረኝ ጀመር፤ ሸሚዜ በላብ ራሰ።

ሙክታር መኪናውን ዳር አስይዞ አየኝ።

«አቦ ደርቤ፣ እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አንተ ላብ በላብ! ሙቀቱን ታች ትተነው መጣን እኮ። ዋላሂ ይሄ ሙቀት አይደለም!»

የጋሽ ተፈራ እጅ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ሙክታር ሐረር እንደገባን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ነዳ።

ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ለካችኝ። «ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፤ የቆየም ይመስላል» አለች።

«ሥራዬ ነው ያመጣው?»

«ሥራ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ጨውም አለ፣ ዘርም አለ። ግን ለዓመታት ዕረፍት ያጣና ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ ሰውነት መጎዳቱ አይቀርም። ልብና ኩላሊትዎን እንይ።»

ውጤቱ እስኪመጣ ቀኝ እጄን እየጨበጥኩ እየዘረጋሁ ተቀመጥኩ። ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። «ኩላሊትዎ ደህና ነው። ልብዎም አልተጎዳም። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ዕረፍትም ይውሰዱ» አለችኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

«የሠርጉ ምሳ ካመለጠን በኋላ ታለቅሳለህ?» አለ ሙክታር። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

አሁን አንድ ስልክ ነው ያለኝ፤ እኩለ ቀን ላይ አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ደንበኛ «ምን ሆነህ ነው የማታነሳው?» ብሎ ተቆጣኝ። «ተኝቼ» አልኩት። ለካስ ዕቃውን የሚፈትሸው ኦፊሰርም በዚያ ሰዓት ተኝቷል። ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ ሳምቡሳ የበላሁት ለማን እንደነበር እንጃ!

ጋሽ ተፈራን ሳቢያን ሰፈር ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። በግራ እጃቸው ቀኝ እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት። «አሃዝ በጣት መንካት አስተማርኩህ» አሉኝ። «እጁን ራሱን መጠበቅ ግን እኔም አላወቅኩበትም።»

ለወጣት አስተላላፊዎች የምለው ይኼው ነው። ራስ ምታታችሁ ደንገጎ ላይም ካልለቀቃችሁ፣ ሙቀቱን ተዉትና ግፊታችሁን ተለኩ።