የቀረ ሰው ይሞታል

ሕጉን ያወጣው የፊዚክስ መምህሩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትምረን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ካለች ሻይ ቤት እየተገናኘን ስለ መንኮራኩርና ስለ መጪው ዘመን የጻፍነውን ልብ ወለድ እናነባለን። አራት ነን፤ እሱ፣ ፋርማሲስቷ፣ የጉምሩክ ትራንዚተሩና ጨርቅ ሻጯ እኔ። የቀረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት በሁላችንም ታሪክ ውስጥ በገዛ ስሙ ይሞታል። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ምክንያት አይሠራም። አሟሟቱም በድምፅ ተቀድቶ በስልክ ይላክለታል።

በዚህ ሕግ ተላልቀናል። ፋርማሲስቷ ማርስ ላይ መድኃኒት ልታደርስ ሄዳ ኦክስጅን አለቀባት። ትራንዚተሩን ጨረቃ ላይ ጉምሩክ ይዞት በረሃብ ገደልኩት፤ ሞቱን ትቶ "ጉምሩክ እንዲህ አያቆይም" ብሎ ተጣላኝ። እኔ ስቀር ሰው በቁሙ የሚቀልጥበት ፕላኔት ላይ አቀለጡኝ። የት ነው ብዬ ብጠይቅ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ራሱ ቀረ። ስንደውልለት የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ ለኦፕሬሽን አዲስ አበባ ገብቷል።

በሳምንቱ ሦስታችንም አነበብን። ሳንመካከር ማናችንም አልገደልነውም። በኔ ታሪክ ሰው በላው ጭራቅ መምህሩን ሲያይ ጾም ላይ ነኝ ብሎ አለፈው። የትራንዚተሩ የፕላኔቶች ጦርነት በሽምግልና አለቀ። እንዲህ ያለ የማይረባ ጽሑፍ ድሬ ላይ ተነቦ አያውቅም። ቀድተን ላክንለት።

መልሱ ወዲያው መጣ። "አቦ! ምንድን ነው ይሄ? በሽማግሌ የሚያልቅ የፕላኔት ጦርነት አለ?" አለና ሳል ያዘው። "ስሙኝ፤ እኛ ሰው የምንገድለው ተመልሶ ይመጣል ብለን ነው። ካልገደላችሁኝ ቀብራችሁኛል ማለት ነው። ፈርቻለሁ እኮ። እናንተም ከፈራችሁ ከማን ጋር ልግባ?"

 እኔ እገድለዋለሁ አልኩ።

እያለቀስኩ ገደልኩት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተነስቶ ጨረቃ የሚደርስ ሊፍት ሠራሁና ጫፉ ላይ ሲደርስ ገፈተርኩት፤ እየጮኸ ወደቀ። ኦፕሬሽን ሊገባ ሲል ላክሁለት።

"እሰይ የኔ እህት፣ አሁን ገደልሽኝ!" አለኝ እየሳቀ። "ግን እዚያ ላይ አየር የለም፤ ጩኸት አይሰማም። አስተካክዪው፣ ስመጣ እሰማዋለሁ።"

ከኦፕሬሽኑ አልነቃም።

ቀብሩ እዚሁ ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ እናቱ እጄን ይዘው፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ነበር የምታደርጉት?" አሉኝ። "እናነባለን፣ እማማ" አልኳቸው። ልጅዎን እየገደልን ነበር እንዴት ይባላል?

በቀጣዩ ቅዳሜ ሦስታችንም መጣን። እሱ ቀርቷል፤ ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። ፋርማሲስቷ "እኔ አልገድለውም፣ ወላሂ አልገድለውም" ብላ አለቀሰች። እኔ ያረምኩትን አወጣሁና አነበብኩ። ጩኸቱን አጥፍቼዋለሁ። ዝም ብሎ ይወድቃል፤ ሐረር ከላይ ይታየዋል፣ የባቡሩ ሐዲድ ይታየዋል፤ እዚያ ላይ አቆምኩ።

"መሬት መቼ ነው የሚደርሰው?" አለ ትራንዚተሩ።

"እሱን አልጻፍኩም።"

ወረቀቱን ተቀበለኝና እስክሪብቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በተራ ትንሽ ትንሽ እንጨምርበታለን። እስካሁን መሬት አልደረሰም። በፊዚክስ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ እናውቃለን፤ የሚቆጣን ሰው ግን ቀርቷል።