ስቶቩን የረሳሁት እኔ ነበርኩ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲያትል አጠገብ ፌደራል ዌይ ከተማ አብራኝ ለምትኖረው እህቴ አልነገርኩም፣ ደሴ ላለችው እናቴም አልነገርኩም። ወሬ ወደ ድሮ ሥራዬ ሲጠጋ ተነስቼ ሳህን አጥባለሁ። ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። ስሜ ዘይነባ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ከገዛ ቤታቸው እንዲወጡ ያደረግኩ እኔ ነኝ። በአንድ ውሸት።

ሴትዮዋ ማህናዝ ይባላሉ፤ ኢራናዊት የፊልም ዳይሬክተር ነበሩ። «ኻኖም በይኝ» አሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፤ በእነሱ ቋንቋ እመቤት እንደ ማለት ነው። ጉልበታቸው ከብዷቸው ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው አረጋውያንን የሚረዳ ሠራተኛ ቤት ድረስ የሚልከው የሆም ኬር ኤጀንሲ እኔን ላከኝ። ጠዋት ጠዋት አይ ፋይቭ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ሲያትል ሰሜን ያለው ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ቁርስ አቀርባለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን በዘይት አሻለሁ። ሳሽላቸው ያወሩኛል።

በወጣትነታቸው ቴህራን ውስጥ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጠሩ። ወንዶቹ ሻይ ያስመጧቸው ነበር። ሻዩን ካቀረቡ በኋላ ግን ቶሎ አይወጡም፤ ፊልሙ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚቀጠል ቆመው ያያሉ። የመጀመሪያ ፊልማቸውን ጡብ በሚሠሩ ሴቶች ላይ ሠሩ። ሁለተኛው ሽልማት አመጣላቸው። ሦስተኛውን ሳያልቅ መንግሥት ወሰደው። ማን እንደጠቆመባቸው ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

«ተዋናዮቹን የምታለብስልኝ ልጅ ነበረች። እህቴ ነበር የምላት። ፈርታ ነው።»

ከዚያ በኋላ ካሜራ እንዳይነኩ ተከለከሉ፤ አገር ለቀው ወጡ። እዚህ መጥተው የአገራቸውን ሰዎች ሰርግ እየቀረጹ፣ ኮሌጅ እያስተማሩ ልጃቸውን ላሌን አሳደጉ። አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል፤ አንዱ አውሮፓ ድረስ ሄዶ ታይቷል። ትልቅ ፊልም ግን ዳግመኛ አልሆነላቸውም። እኔ ስደርስ ባላቸው ሞተው፣ ላሌም ራሷን ችላ ወጥታ፣ ብቻቸውን ከአንዲት ትንሽ ካሜራ ጋር ነበሩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያጫወቱኝን ሴት እንዴት ጠረጠርኩ?

እኔ አሜሪካ የገባሁት በወረቀት ጋብቻ ነው። ቪዛ ሎተሪ የደረሰው ሰው ሚስት ነኝ ብዬ ፈርሜ መጣሁ፤ ከመጣን በኋላ እሱም በመንገዱ እኔም በመንገዴ ሄድን። ከዚያ ወዲህ «ባልሽ የት ነው?» የሚለኝ ሰው ሁሉ ለእኔ ፖሊስ ነው። ኻኖም ደግሞ ጠየቁኝ። አንዴ ብቻ አይደለም። ባልሽ የት ነው፣ እንዴት ተገናኛችሁ፣ ስትመጪ ፈርተሽ ነበር ወይ? እንደ ቀልድ እየሳቁ ነበር የሚጠይቁኝ። እኔ ግን ሳቁን አላመንኩትም።

ከዚያ ካሜራው መጣ። «እጅሽን ልቅረጽ? ፊትሽን አልፈልገውም» አሉኝ። እምቢ ብል ምን ትደብቃለች እንዳይሉ ፈራሁና እሺ አልኩ። ድንች ስልጥ፣ ልብስ ሳጥፍ፣ እጄን ብቻ ይቀርጻሉ። «ቀስ በይ። አሁን እንደገና።» ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ሲያልቅ ታያለሽ» ከማለት በቀር መልስ የለም። ምኑ ነው የሚያልቀው?

ከምሳ በኋላ በራቸውን ዘግተው ቴህራን ላለች ጓደኛቸው ስልክ ይደውላሉ። እኔ ስገባ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ፋርስኛ አልሰማም፤ ግን ጅዳ ሠርቼ ዓረብኛ ስለማውቅ አንዳንድ ቃል ይገባኛል። አንድ ቀን «ዘይነባ» ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ቆይተው «ኤዝዴቫጅ» አሉ፤ ከዓረብኛው «ዘዋጅ» ጋር ዘመድ ቃል ነው። ጋብቻ። ስሜና ጋብቻ በአንድ ትንፋሽ! ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። መሳቢያቸውን ከፍቼ አየሁ። ሳልፍ የካሜራውን ዓይን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በራቸው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ለማን ነው የሚነግሩብኝ? ምን ያህሉን ያውቃሉ?

አደጋው የደረሰውም ጆሮዬን በር ላይ እንደለጠፍኩ ነው። ስቶቩ ላይ ዘይት ጥጄ ሽንኩርት ልጨምርበት ስል የስልኩን ድምፅ ሰማሁና ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አላርሙ ሲጮህ ሮጬ ስደርስ ኩሽናው ጭስ ነው፤ ከስቶቩ በላይ ያለው ቁም ሳጥን ተያይዟል። እርጥብ ፎጣ ጥዬ አጠፋሁት።

ላሌ ከሥራዋ በርራ መጣች። የጠቆረውን ግድግዳ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማነው ለኩሶ የተወው?»

«እኔ ከክፍሌ አልወጣሁም» አሉ ኻኖም። «ዘይነባን ጠይቂያት።»

እኔም እንዲህ አልኩ፦ «እንቁላል ልጥበስ ብለው ገብተው ነበር። ሰሞኑን ይረሳሉ፤ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም።»

አፌ ሳይያዝ፣ ዓይኔ ሳይርገበገብ። ምን ብዬ አሰብኩ? የሚረሱ ሴት ስለ ጋብቻዬ ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል ብዬ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ አስቤ ነው። ድንገት አመለጠኝ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል።

ኻኖም አልጮሁም። «ፈርተሽ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምን እያለች ነው?» አለች ላሌ ወደ እኔ ዞራ።

«እኔንጃ» አልኩ።

ላሌ ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷ እንዳይቃጠሉባት ፈራች፣ ያን ብቻ ነው። ማውንትሌክ ቴራስ በምትባል ከተማ የሚረሱ አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት አገኘች። ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ኻኖም አልጋቸው ላይ አስቀመጡኝና የካሜራውን ስክሪን ከፈቱልኝ። እጄ ነበር፤ ልብስ ያጥፋል፣ ሻንጣ ይዘጋል። ከላዩ የእሳቸው ድምፅ በፋርስኛ ያወራል።

«ምን እያልኩ እንደሆነ ልንገርሽ?» አሉኝ። «እኔ አሜሪካ የመጣሁት በወረቀት ጋብቻ ነው። የላሌ አባት መጀመሪያ የወረቀት ባሌ ነበር፤ የወደድኩት በኋላ ነው። ላሌ ይህን አታውቅም። በአፌ መንገር ስላቃተኝ በፊልም ልነግራት ነው። ስለዚህ ፊልም ከጓደኛዬ ጋር ሳወራ ላሌ ድንገት መጥታ እንዳትሰማኝ ነው በር የምዘጋው። የእኔ እጅ አርጅቷል፤ ያኔ ሻንጣ የዘጋው እጄ ያንቺን ይመስል ነበር።»

እጄን ቀሚሴ ሥር ሸሸግኩ።

«አሁን ስለ ስቶቩ ለላሌ እውነቱን ንገሪያት። ፊልሙ ትንሽ ነው የቀረው» አሉኝ።

«እሺ፣ ኻኖም» አልኩ።

አልነገርኳትም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያውን ውሸት ፍርሃት ነው በሉት። ይሄኛውንስ ምን ትሉታላችሁ? ምስጢሬን እንዳልነኩት አውቄአለሁ። ጭራሽ የእሳቸውን ምስጢር አምነው ሰጥተውኛል። እኔ ግን ሥራዬን አሰብኩ፣ ኤጀንሲው የሚለኝን አሰብኩ፣ የላሌን ፊት አሰብኩ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ያጠፍኩትም እኔው ነኝ። ካሜራውን ላሌ እንዳይጠፋባቸው ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያው ፊታቸውን አዞሩብኝ። በሁለተኛው ከስተው፣ ዓይናቸው ፈዝዞ አገኘኋቸው፤ ሁሉም ሰው ረስተሻል ሲላቸው ከርሟል። እጄን ይዘው «ዘይነባ፣ ስቶቩን የተውኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። አይደሉም፣ እኔ ነኝ ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩና ወጣሁ።

በክረምቱ ሳንባቸው ታሞ ሞቱ።

በቀብሩ ቀን ላሌ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ እናቴ ተቃጥላ ነበር የምትሞተው» አለችኝ። አቀፍኳት። ቆይታ ካሜራው ውስጥ ያየችውን ነገረችኝ። ድምፁን ገና ለመስማት አልደፈረችም፤ የእናቷን ድምፅ ከሰማች እንደምትፈርስ ታውቃለች። «እጅሽን አወቅኩት። ምን ልትሠራበት ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ድምፁን ክፈቺው፣ ላንቺ ነው የተናገሩት ማለት ነበረብኝ። ግን ፊልሙ ለምን ሳያልቅ ቀረ ብትለኝስ?

በእኛ ሃይማኖት በእኔና በአላህ መካከል ያለውን እሱ ይምረዋል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ፣ ይቅር ካላለ፣ አይነሳም። የሐቁ ባለቤት ኻኖም ደግሞ መሬት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የማለቱ መብት የእናንተ አይደለም። ፈርቼ ነው ብዬም አልከላከልም፤ መፍራቴን ራሳቸው ቀድመው ስላዩልኝ ምክንያቱን እንኳ እኔ አላመጣሁትም።

ላሌ ዛሬም በየዒዱ ኮል ታደርግልኛለች። አነሳለሁ። «ለእናቴ ላደረግሽው ሁሉ አመሰግናለሁ» ትለኛለች።

«ምንም አይደል» እላታለሁ።