በእንቅልፍ የተለካ እግር

የገዛችሁትን ጫማ ልትመልሱ ስትሄዱ ሻጩ እንደ ሌባ አይቷችሁ ያውቃል? እኔም እንደዚያ ከሚያዩት ሻጮች አንዷ ነበርኩ።

መምህርት ከመሆኔ በፊት መቱ ውስጥ በጋሼ ከማል ጫማ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ በኦሮምኛና በአማርኛ ተለጥፏል። ሆኖም ጋሼ ከማል ያልተረገጠ ጫማ ይቀይሩ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው፦ በመጀመሪያ ሶሉን ገልብጪ፣ ቀጥሎ ስፌቱን በጣትሽ ዳስሺ። የመቱ ጭቃ ከሶል ቢታጠብም ከስፌት አይለቅም።

ሰኞ ሰኞ መላሽ ይበዛል፤ እሁድ ሰርግ አለና። አንድ ሚዜ «ጠበበኝ» ብሎ ያመጣው ጫማ ሶል ላይ ቄጤማ ተጣብቆ ነበር። ጋሼ ከማል ቄጤማውን ነቅለው «ይህንንም ከእኛ ነው የገዛኸው?» አሉት። እየሳቀ ጫማውን ይዞ ወጣ።

በሌላ ሰኞ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ከመቱ ውጭ ካለችው ኡካ መጡ። ለትንሿ ልጃቸው የገዙትን ጫማ መለሱ። ስፌቱን ዳሰስኩት፤ እርጥብ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶታል።

«ሚዜ ሆና ጨፍራበት ነው?» አልኳቸው። ሰው ሳቀ።

«ሚዜስ በሆነች! ጠቧት ጣቷን ልጧታል። እንዳልወስድባት ደብቃኝ ሁለት ቀን ሮጠችበት። ጭቃውን ይዤ መምጣት አፍሬ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ነገ ትምህርት ትጀምራለች፤ በባዶ እግሬ አልሄድም ብላ እያለቀሰች ነው።» ከመቀነታቸው ቋጠሮ ያለበት ክር ፈቱ። «ልኳ ይኸው።»

ጋሼ ከማል ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አዴ ጫልቱ፣ ሲለኳት ቆማ ነበር?»

«ተኝታ። ድንገት ላስደስታት ብዬ፣ እንዳትነቃብኝ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ጫማሽን አውልቂ።» ቁጭ እንዳልኩ እግሬን በሌላ ክር ለክተው በልኩ ቆረጡት። ከዚያ አቁመው በዚያው ክር ለኩ። ክሩ አልደረሰም። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፤ ጫማ ሻጭ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

በቁጥር ከፍ ያለውን ጫማ ከመደርደሪያው እኔው አወረድኩ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። እሳቸውም ክራቸውን ጫማው ውስጥ ዘርግተው ትርፉን በጣታቸው እየለኩ «ይሁን፣ ልጄ። ብቻ ይቺ አትጥበባት» አሉኝ።

«የተረገጠውስ?» ስል ጋሼን ጠየቅኩ።

«ለማሳያ መስኮቱ ላይ አድርጊው።»

አታላይ ደንበኛ አለ፤ ሶል ማየት ተገቢ ነው። ግን ከስፌቱ በፊት ሰውየው ይጠየቃል። እስቲ ዛሬ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ፣ ቀጥሎም አቁማችሁ፣ እግሩን በአንድ ክር ለኩ።