የእሑድ ወንበሮች

ዘንዘልማ ወርዶ የመርስዔ ኀዘንን ቤት የሚጠይቅ እንግዳ ቢኖር፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ያ ወንበሩ የሚፈርሰው ሰውዬ?» ይሉና በር ድረስ ያደርሱታል። ሚስቱ የብርጓል ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ፊቷን በነጠላ ከልላ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ሾፌሩ ማን እንደ ጫነ ሳያውቅ ከጎኑ ላለው ጓደኛው እያሳቀ ሲያወራ አዳመጠችው። አልተቆጣችም። ምን ብላ ትቆጣ? ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳንሶ ነው ያወራው።

መርስዔ ኀዘን የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። አባቱ ዘጌ ላይ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሲያስተምሩ ያረፉ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ዜማውን ከእኩሌታው ጥሎ ባሕር ዳር ገባ። ባሕር ዳር ሒሳብ መማር ጀመረ፤ እሱንም ከእኩሌታው ጥሎ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠረ። እዚያው ፋይል ሲያወጣ ፋይል ሲያስገባ ፀጉሩ ሸበተ። እኩሌታ ዜማ፣ እኩሌታ ሒሳብ፤ የብርጓል እንደምትለው ደግሞ እኩሌታ ባል። ሙሉ የሆነለት ነገር ቢኖር ኩራቱ ነው፤ እሱማ ሞልቶ ይፈሳል።

ከባሕር ዳር ወጣ ብለው ዘንዘልማ ላይ ቤት ሠርተው ሲገቡ የብርጓል የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከከተማ ሶፋ ገዝቶ እንደ ሰው መቀመጥ። እሱ ግን አንድ ፈረንጅ ያለ አንዳች ሚስማር ወንበር ሲሠራ ስልኩ ላይ አይቶ ልቡ ተሰርቆ ከርሟል።

«ሶፋ? ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ ካርቶን?» አላት። «ውስጡ ያለው ቺፑድ እኮ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ነው የሚያብጠው። አናጢውም ሁሉ ሌባ ነው። እኔ በእጄ እሠራልሻለሁ!»

ገበያ ወርዶ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ባልዲ ኮላ ተሸክሞ መጣ። ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ መሰንጠቂያ ደግሞ የተረፈ የዋንዛ ጣውላና ጠማማ ሞራሌ በጋሪ አስጫነ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ይሄኛው መቅደዱን ችሎበታል፤ መስፋቱ ነው ያቃተው።

ያቃተው ደግሞ በሌላ ሳይሆን በፍርሃቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነው። ቅዳሜ ወይ ለቅሶ አለ ወይ የእድር ስብሰባ። ለእንጨቱ የሚተርፈው እሑድና ቢሮ የሚዘጋበት በዓል ብቻ ሆነ። እሑድ ደግሞ ማን መዶሻ ያነሣል? የመጀመሪያውን እሑድ ሦስት አራቴ ጓ ጓ እንዳደረገ፣ ከአጥሩ ማዶ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኚህ ሴት ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ የወሩን በዓል አንድ ሳያስታጉሉ የሚያከብሩ ጎረቤት ናቸው።

«መርስዔ ኀዘን! ሰንበት መሆኑን ረስተህ ነው ወይስ ክደህ ነው? የመሪጌታ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ይተው ነበር። እሱ የተወው መዶሻውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስማር የሚባል ነገር በእሑድ ሥራው ላይ አልታየም። መጋዙ እንዳይሰማ መዝሙር ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ በእመቤታችን ውዳሴ ተከልሎ ሞራሌ ይቆርጣል! የቆረጠውን በኮላ ያጣብቃል፣ በገመድ ጠፍሮ ያስራል፣ ከላዩ የየብርጓልን የወፍጮ ድንጋይ ይጭንበታል። እግዚአብሔር ያያል የሚለው ነገር እንቅልፍ አልነሳውም። ያስጨነቀው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ይሰማሉ የሚለው ነው።

«ያንተ ሃይማኖት ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም» ትለዋለች የብርጓል። እሱ ደግሞ «ሚስማር የአላዋቂ ነው፤ ፈረንጁም አልተጠቀመ» ይላታል። ፈረንጁ እንጨቱን እርስ በርሱ ሰካክቶ እንደ ነበር ግን አላየም። ቪዲዮውንም ከእኩሌታው ነው የተወው።

መደርደሪያው በመጀመሪያው ክረምት ከነብርጭቆው ወረደ። አልጋውን የመረቀችው የገዛ እኅቱ ናት፤ ከሐሙሲት ለጥየቃ መጥታ ጋደም ከማለቷ ወለሉ ላይ ተገኘች፣ ከዚያ ወዲያም ቤታቸው አላደረችም። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ እንደ አንካሳ ዶሮ ይነቀነቃል። እሱን ብትጠይቁት ጥፋቱ የሐይቁ ነው። «የጣና እርጥበት ኮላውን እየፈታው ነው እንጂ ሥራውስ ሥራ ነበር» ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጣና ስንቱን ታንኳ ተሸክሞ ሲኖር የመርስዔ ኀዘን ወንበር ብቻ ነው እንዴ የከበደው?

በዚያ ቤት ለሱ የምታዝንለት ልጃቸው ርሆቦት ብቻ ናት። አዲስ ወንበር ባወጣ ቁጥር ጫፉ ላይ ቀስ ብላ ትቀመጥና፣ ክብደቷን በእግሮቿ ይዛ፣ «ይመቻል እኮ አባዬ!» ትለዋለች። እሱም ያብጣል። እናትየው ከጓዳ ሆና «ቺፑድ ነው አሉ ውሃ ሲነካው የሚያብጠው» ትላለች።

ኅዳር ሲገባ ከጢስ ዓባይ መልእክት መጣ። እዚያ የመብራት ማመንጫው ላይ የሚሠራ ገድሉ የሚባል ልጅ ርሆቦትን ወድዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። በሚመጣው እሑድ ሽማግሌ ይላካል ተባለ።

የብርጓል ልጁን አልጠላችውም። የምትፈራው ሌላ ነው። እሷን ራሷን አባቷ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቃል ነበር እሺ ብለው የሰጧት። የመርስዔ ኀዘን እናት ያቺን ቃል እስኪሞቱ ድረስ አልረሷትም። ወጥ ሲያርር፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ በግ ሲጠፋ፣ «አባትሽ እኮ ሊገላገሉሽ ቸኩለው ነበር» ይሏታል። የብርጓል አንገቷን ደፍታ ስንት ዘመን ዋጠችው። ልጇ ይህንን አትውጥም! ርሆቦት ተለምና፣ ደጅ ተጠንቶባት፣ ሽማግሌ ተመላልሶባት ነው የምትሄደው። ይህን በልቧ ምላለች።

ባሏንም አስቀምጣ መከረችው። «የመጀመሪያ ቀን መልስ የለም። ቆመው ይናገራሉ፤ ትሰማለህ። ከዚያ ‹ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ› ብለህ ትሸኛለህ። ሌላ አንድ ቃል እንዳትጨምር።»

«ለኔ ነው ደንብ የምታስተምሪ? እኔ የመሪጌታ ልጅ!» አለ።

«ወንበርስ? ከእድር የፕላስቲክ ወንበር ላምጣ።»

እዚህ ላይ ሰውዬው ተቆጣ። «በገዛ ቤቴ? እኔ ስድስት የዋንዛ ወንበር ደርድሬ ሽማግሌ በፕላስቲክ ላይ ላስቀምጥ? ሞቼ ነው!»

ከሱ ጋር መሟገት ትርፉ ድካም ነው። ሐሙስ ዕለት ቢሮ እንደ ሄደ በሩን ዘጋች፤ ቀሚሷን ሰብስባ መዶሻውን አነሣች። ረጃጅም ሚስማር ገዝታ ኖሯል። ስድስቱንም ወንበሮች ገልብጣ እያንዳንዱን እግር በሚስማር ቸነከረችው። አንድ ጊዜ አውራ ጣቷን መታችና የሱን ስም ጠርታ ረገመች። ከአጥሩ ማዶ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ «እሰይ የኔ ልጅ! የሥራ ቀን ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ማታ ሲመጣ ምንም አላየ። የሠራውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ያይ ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ከፊት አያ ሀብተ ሥላሴ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ቃላቸው የተመጠነ አዛውንት። ከኋላቸው ቄስ ፅጌ ማርያም፤ ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ዝምተኛ የገድሉ አጎት። ርሆቦት ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ አጠገብ ሆነች።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!» አለ መርስዔ ኀዘን፤ ወንበር ከግድግዳ እየሳበ።

«እግዜር ያክብርልን። ጉዳይ አለን፤ እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ አያ ሀብተ ሥላሴ። የጠያቂ ደንብ ነው። ሕፃን ያውቀዋል።

«ጉዳዩ ይደርሳል። ይቺ ዋንዛ ናት፤ በእጄ የሠራኋት። እስቲ ለአንዴ…»

የብርጓል ጉሮሮዋን ጠረገች። አልሰማትም።

ቄስ ፅጌ ማርያም ፈገግ ብለው መስቀላቸውን አስተካከሉና ንግግሩን ጀመሩ። አጥንት ቆጠሩ፣ ዘመድ ጠቀሱ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ያማረ ንግግር ነበር። መርስዔ ኀዘን ግን ያንን ሁሉ ጊዜ የሚያየው የአያ ሀብተ ሥላሴን እግር ነው። ሰውየው ቆመው ደክሟቸዋል፤ አንዱን እግር ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ። ወንበሩ አንድ ስንዝር ከኋላቸው ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ቄሱ ጨረሱ። አሁን «ዘመድ እናማክር» የሚባልበት ሰዓት ነው።

«እሺ!» አለ መርስዔ ኀዘን። «ሰጥቻለሁ! ልጅቱን ሰጥቻችኋለሁ፤ በቃ አሁን ተቀመጡ!»

ጉድ በል ጎንደር! ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሊለምኑ፣ ሊመላለሱ፣ ወገባቸውን አስረው የመጡ ሰዎች ነበሩ። እሺ ከተባሉ ደግሞ ምን ሰበብ አላቸው? አንድ በአንድ ተቀመጡ። ወንበሮቹ ያዙ። እንዴት አይይዙ፣ የየብርጓል ሚስማር ነው የያዛቸው! እሱ ከአያ ሀብተ ሥላሴ ኋላ ዞሮ ወንበሩን ከነሰውየው ይነቀንቃል። «አያችሁ? ንቅንቅ የለም! አንድ ሚስማር የለበትም እኮ!»

የብርጓል የፈራችው ወንበሩን ነበር፤ የተናደው አፉ ነው። መዶሻውን ይዛ ስትታገል የዋለችው በማይሆን ቦታ ነበር።

አያ ሀብተ ሥላሴ ተቀምጠው እንዳሉ እሷ ወዳለችበት ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እመይቴ፣ አይቀየሙኝና… ልጅቱ ደኅና ናት? እንዲህ የተቸኮለው ነገር ኖሮ እንዳይሆን» አሏት።

በዝግታ ነው ያሉት፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ቃሉ መጋረጃው ድረስ ደረሰ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ የብርጓል አየች። እነሆ፣ ገና ዛሬ ተጀመረ። ነገ ጢስ ዓባይ ላይ ይወራል፤ ርሆቦት ወጥ ባረረባት ቁጥር ይነሣባታል።

«ተነሡ» አለች የብርጓል።

«ምን አልሽ?» አለ ባሏ።

«ላንተ አይደለም። አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ተነሡ። ልጄ ምንም የለባትም። ነውሩ ያለው አባቷ ላይ ነው፤ እናንተን በዚህ እንጨት ላይ ለማስቀመጥ ብሎ ልጁን ሰጠ። ልጄ የወንበር መመረቂያ አይደለችም! እሱ ቢሰጥ እኔ እናቷ አልሰጠሁም። ዘመድ እናማክራለን። ተመለሱ፤ ቆማችሁ ጠይቁን።»

መርስዔ ኀዘን «አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጀምሮ ዙሪያውን አየና ተወው። ቄስ ፅጌ ማርያም ወለሉን ያያሉ። አያ ሀብተ ሥላሴ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን እንደ ገና አጣፉ። ፊታቸው ላይ ያለው ንዴት አይደለም፤ ዕፎይታ ነው።

«አሁን ገና የሰው ልጅ መጠየቃችንን አወቅሁ» አሉ። «እመይቴ፣ እንመለሳለን። አንዴም ሁለቴም እንመለሳለን።» ቆመው መጥተው፣ ቆመው ወጡ።

በሩ ሲዘጋ መርስዔ ኀዘን በሚስቱ ላይ ዞረ። «አዋረድሽኝ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ! እኔ ምን አደረግሁ? መቼስ ልጅቱ ገድሉን ትወዳለች፤ ዛሬ ብሰጥ ነገ ብሰጥ ምን ለውጥ አለው? ‹ተመለሱ› ብል ኖሮ ሳይቀመጡ ይሄዱ ነበር እኮ! የሠራሁትን ሳያዩልኝ ይሄዱ ነበር!»

የብርጓል የምትመልስለት ሞልቷት ነበር፤ የዘመናት ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፏል። ግን መጋረጃው ተገለጠ። ርሆቦት ወጣች። አላለቀሰችም። አያ ሀብተ ሥላሴ የተነሡበትን ወንበር አለፈችውና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔን ሰጥተሃቸውም አንቀመጥም ቢሉህ ኖሮስ?» አለችው። «ምን ትጨምርላቸው ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ደጅ ጠንተዋል፤ በደንቡ እሺ ተብለዋል። የርሆቦት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተቀመጠም፤ አባቷ ፊት እንደ ቆመ ነው።