ኪሎው ያልታወቀው እጢ

መቱ ውስጥ ከቀዶ ጥገና የተመለሰች ሴት መጀመሪያ የምትጠየቀው «ተሻለሽ?» ተብላ አይደለም። «ስንት ኪሎ ወጣ?» ተብላ ነው። ሐኪሙ ያወጣውን እጢ በሳህን አድርጎ ለቤተሰብ ያሳያል፣ ቤተሰብ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለእድር ያወራል። በዚህ ወሬ ማንም የማይደርስባቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጎረቤቴ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በፊት የወጣላቸው እጢ እኔ መጀመሪያ ስሰማው የብርቱካን ያህል ነበር። ቆይቶ ፓፓያ አከለ። እኔ በታመምኩበት ዓመት አምስት ኪሎ ገብቷል። ከወጣ በኋላ ያደገ እጢ የእሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

የእኔ እጢ፣ ሐኪሞቹ ማዮማ የሚሉት፣ ግን እዚያው ማህፀኔ ውስጥ ነው ያደገው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የራሴን ቀሚስ ወገብ እየተረተርኩ ማስፋት ሥራዬ ሆነ። ደንበኞቼ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉኝ ቀን ይቆጥራሉ። በአርባ አራት ዓመቴ! ደሙ ሲመጣ ደግሞ ከስፌት መኪናዬ የምነሳው ደንበኛው ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ማህፀኑ ቢወጣ ይሻላል» አለኝ፤ ዘመድ ሁሉ ተቀብሎ አራገበው።

«ወልደሽ ጨርሰሻል፤ ምን ያደርግልሻል?»

በገንኩ። ልጆች አድገው ወጡ ተብሎ ቤት ይፈርሳል እንዴ? የእኔ ነው፣ እፈልገዋለሁ፣ አለቀ! እንዲህ እያልኩ እፎክራለሁ እንጂ ብቻዬን ስሆን ፈርቼ አለቅስ ነበር።

አዲስ አበባ ተልኬ ያገኘኋት ዶክተር ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረችኝ። ሆድ አይቀደድም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ በደም ስር ይገባና፣ ወደ እጢው የሚሄደውን ደም በደቃቅ ፍሬዎች ይዘጉታል። እጢው የሚመገበው ሲያጣ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ማህፀኑ ይቀራል። ይቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ባለቤቴ ከያዮ ቡናና ማር እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አያምንም። ሕክምናው ሲያልቅ ዶክተሯን በር ላይ ያዛት።

«የወጣውን አሳዩን እንጂ!»

«ምንም አልወጣም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስታደርጉ ነበር?»

እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ቁርጠቱ ምጥን ያስንቅ ነበር፣ ለጠላቴም አልመኘውም፤ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

መቱ ስመለስ ጠያቂው አጥሚቱን ይዞ ጎረፈ። ቁስሉን እንይ አሉ። ምን ቁስል አለ? በአንዲት ፕላስተር የተሸፈነች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር፣ ያውም ብሽሽቴ ላይ! ለማን ልግለጥ? ሆዴ ደግሞ ያው ነው። ለመቀነስ ወራት ይፈልጋል ብል ማን ይስማኝ። እትዬ ፈረዱ፦

«ኧረ ማሎ! ሳይወጣላት ሸኟት? ይቺ ልጅ አዲስ አበባ ተዝናንታ ነው የመጣችው!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባለቤቴም ከዳኝ፤ «እኔም ያየሁት ነገር የለም» ብሎ መሰከረ። በንዴት ጦፍኩ። ለሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ወራት አለፉ። ደሙ ቀነሰ፣ ፊቴ ተመለሰ፣ ያሰፋኋቸውን ቀሚሶች መልሼ አጠበብኩ። አንድ ከሰዓት እትዬ ቀሚስ ሊያሰፉ መጡ። እኔ የእሳቸውን ወገብ ስለካ እሳቸው የእኔን ያያሉ።

«ጎደልሽ እኮ!»

«አሁንስ አመኑኝ?» አልኩ፣ ይህን ቀን ስጠብቅ ነበርና።

አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማህፀንሽስ?» አሉ።

«አለ። እዚያው ነው።»

ወደ በሩ አዩ፤ ማንም የለም።

«የእኔ ከእጢው ጋር አብሮ ወጣ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገና አልወለድኩም። ስነቃ የነገሩኝ ኪሎውን ነው። ሌላውን ከወር በኋላ ነው የሰማሁት።»

ሜትሩን አስቀመጥኩ። ስንት ዓመት በዚያ እጢ ስቀናል! አፈርኩ፣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። እሳቸውም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ አይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ተቆጡኝ።

«በይ ልኪ። ለሰው ስታወሪ ግን የእኔን እጢ አምስት ኪሎ በይ።»

«ስድስት ነበር እንጂ፣ እትዬ» አልኳቸው።