ከእቴቴ ሣጥን ያወጣሁት አቡጀዲ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት እዘረዝርና ትልቁን ውጬ እመለሳለሁ። ለእናንተ ልናገር፤ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ ይሆናል።

እኔ የአክስቴን መገነዣ ቆርጬ የባንድ ልብስ ያደረግሁ ሰው ነኝ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያኖሩኝ አክስቴ ነበሩ፤ እቴቴ እላቸዋለሁ። ልጅ አልነበራቸውም። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ባንድ አቋቁመን ነበር፤ የውሰት ኪቦርድ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ። ስማችንን «መብረቅ» አልነው። ለትምህርት መዝጊያው በዓል አንድ ዓይነት ልብስ እንልበስ ተባለና፣ እጄ ለሥዕል ስለሚታዘዝ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። የባንዱን ስም ፊደል ካርቶን ላይ በምላጭ ቀረጽሁ። ከበር ቀለም የተረፈ ጥቁርና ቀይ ለምኜ አመጣሁ። የጓደኞቼን ነጭ ካናቴራዎች እቴቴ ጓዳ ወለል ላይ አንጥፌ ቀባሁ። አማረልኝ! እኔ ብቻ ነጭ ካናቴራ አልነበረኝም።

ነጭ ጨርቅ የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

እቴቴ ለሞታቸው ቀን ያዘጋጁት አቡጀዲ ከሣጥናቸው ሥር ተቀምጧል። ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም ድረስ በእግራቸው ወስደው፣ ጸሎት አስደርሰውበት፣ ጠበል አስረጭተውበት፣ አሪቲ መሃሉ አድርገው ያጠፉት ጨርቅ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ የማሰጣላቸው እኔ ነበርሁ። ታዲያ እንዴት አላወቅሁም እላለሁ? አውቄ ነው የቆረጥሁት። አውቄ ነው በእጄ ሸሚዝ አድርጌ የሰፋሁት። አውቄ ነው ደረቱ ላይ ቀይ መብረቅ የሳልሁበት። ከጓደኞቼ መሃል ተለይቼ እንዳልቆም ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በበዓሉ ዕለት ተጨበጨበልን። እኔም የአሪቲው ሽታ ካንገቴ ሥር እየመጣብኝ ዘፈንሁ። በማግስቱ፣ ከሽልማቱ ገንዘብ በደረሰኝ፣ ያንኑ የሚመስል አቡጀዲ ከገበያ ገዝቼ በቦታው አጥፌ አስቀመጥሁ። ማን ያውቃል አልሁ።

በሦስተኛው ዓመት እቴቴ ታመው ተኙ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጠያቂዎቹ ሲወጡላቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ጨርቄን አምጣልኝ፤ ልየው።»

አመጣሁላቸው። ተሳለሙትና አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

«ምነው ሽታው ጠፋብኝ? ያን ሁሉ አገር የደከምሁለት እኮ ነው። እሱን ይዤ ስሄድ አልፈራም ብዬ ነበር።»

«ሣጥን ውስጥ ስለከረመ ነው፣ እቴቴ» አልኋቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እንግዲህ አንተ ካልህ» አሉና እጄን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ።

በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። የገበያውን ጨርቅ ለገናዦቹ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። አንዱ አዛውንት «ተባረክ፤ እንደ ልጅ ጦርሃቸዋል» አሉኝ። ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

ሸሚዙ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ላቃጥለው ብል የተጸለየበት ነው፤ ላጥበው ብል የበር ቀለም አይለቅም። ለቅሶ ቤት ስሄድ አስከሬን ከሚገነዝበት ክፍል ደጃፍ አልደርስም፤ ሰዎች ሆደ ባሻ ነው ይሉኛል።

እግዚአብሔር በጨርቅ ምክንያት እቴቴን ከደጁ እንደማይመልሳቸው አውቃለሁ። የሚያባንነኝ እሱ አይደለም። እንዳሸተቱት አውቀውብኝ ይሆን? እንዳላፍር ብለው ይሆን የተዉኝ? ወይስ ፈርተው፣ የእኔን ቃል ብቻ ይዘው ሄዱ? የትኛው እንደሚብስ ዛሬም አላውቅም።

ልጅ ነበርሁ አልልም። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ የምልበት አንድ ከሰዓት ተሰጥቶኝ ነበር፤ ዋሸሁበት።